የቡታጅራው አራት ዲግሪ

ዓርብ ጥቅምት 22 ቀን 2006 ዓ.ም. ከጁምዓ ስወጣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሀቢቡ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣብኝ። ሀቢቡን አስራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሲሮጥ ግን አይቼው አላውቅም።

"ኢንስፔክተር ሙሀመድአወል! የክትባት ክፍሉን ጉድ ሠርተውታል!"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ሶላት ላይ ነበርኩ እኮ!"

አብሬው ሄድኩ። ክፍሉ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ብቻውን የቆመ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ውስጡ ያለው አንድ ትልቅ ፍሪጅ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ ሰኞ ለሚጀመረው ዘመቻ የመጣ የፖሊዮ ጠብታ። የፍሪጁ ገመድ በፒንሳ ተቆርጧል። ግድግዳው ላይ የነበረችው መዳፍ የማታክል ኮምፒውተር ወለሉ ላይ ወድቃ በጫማ ተረግጣ ደቅቃለች። ቁልፉ አልተሰበረም፤ መስኮቱም አልተነካም።

ስለዚያች ኮምፒውተር አንድ ነገር ልበል። ወልቂጤ ያለው የዞኑ ቢሮ በየወረዳው ያስገጠማት ናት፤ "ቦርድ" ይሏታል። ከፍሪጁ ውስጥ ሙቀቱን በቀጭን ሽቦ ታነብና በኔትወርክ ወደ ወልቂጤ ትልካለች። እዚያ የቢሮው ኃላፊ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግድግዳቸው ላይ በሰቀሉት ስክሪን ወረዳዎቹን ሁሉ ያያሉ፤ ደህና የሆነው አረንጓዴ፣ የተበላሸው ቀይ። የተመረቀች ቀን በሬ ታርዷል። በማግስቱ ደግሞ ደብዳቤ መጣ፦ ቴክኖሎጂ ስለተገጠመ የክትባት ኃላፊዋ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር እያየች በወረቀት መመዝገቧን እንድታቆም፣ ክፍሉም እስከ ዘመቻው ቀን ያለ ፈቃድ እንዳይከፈት። ድንቄም ቴክኖሎጂ! ዓይን ያላትን ሴት ዓይንሽን ጨፍኚ ማለት ነው።

ገና ክፍሉ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው።

"ስክሪኑ ቀይ ሆነብኝ። ልክ ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ። እስከዚያ ድረስ አራት ዲግሪ ነበር፣ ፍጹም ጤነኛ! ምን ተፈጠረ?"

ነገርኳቸው።

"ራምዚ ነው" አሉ፣ ሳይተነፍሱ። "የኔትወርክ ቴክኒሻኑ። ጸረ ልማት ነው። ባለፈው ግምገማ ላይ በሰው ፊት ስክሪኑ ይዋሻል ያለ ልጅ ነው። ያዘው። ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።"

ያዝኩት። እንዲያውም በካቴና አስሬ፣ በዓርብ ገበያ መሃል በእግሩ ነዳሁት። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም።

*

ራምዚ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገር ዓይን ዓይን የሚያይ።

"ትናንት ከሰዓት ገብተሃል?"

"ገብቻለሁ። ከክትባት ኃላፊዋ ከሲስተር ዛህራ ቁልፍ ወስጄ፣ ማታ መልሼላታለሁ።"

"ፈቃድ ነበረህ?"

"ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ተከለከልኩ። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ገባሁ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ድራይቨሩን ልመልስ።" ፊቴን አየና ያልገባኝ መሆኑን አወቀ። "ጋሼ፣ ቦርዷና የኔትወርክ ገመዱ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ድራይቨር የሚባለው እሱ ነው። መስከረም ላይ ከወልቂጤ አዲስ ሲስተም ጫኑ ብለው ላኩ። አዲሱ ሲስተም ይዞት የመጣው አስተርጓሚ የዚህችን ቦርድ ቋንቋ አያውቅም። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ቃል ግን አይወጣትም። የድሮውን ድራይቨር ሚሞሪ ካርዷ ላይ መመለስ ነው መፍትሔው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ግን ቦርዷ ያለችው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው።"

"እንግዲያው ከመስከረም ጀምሮ ወደ ወልቂጤ ምንም አልላከችም እያልከኝ ነው።"

"አንድ ቃል አልላከችም።"

"አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን እስከ ዛሬ ሰባት ሰዓት አራት ዲግሪ አይተዋል።"

"እሱን እሳቸውን ይጠይቋቸው።"

"ትናንት ስትገባስ ምን አገኘህ?"

ድምፁ ዝቅ አለ። "ፍሪጁ ሞቷል። ክፍሉ ምድጃ ሆኗል፤ ጠብታው ሞቋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ለፍሪጁ ኃይል የሚመጥንለት ስታቢላይዘር በእጅ ካልተጫኑት አይነሳም፤ የሚጫነው አልነበረም። ያኔውኑ ወልቂጤ ለይትባረክ ደወልኩ። 'ለማንም እንዳትናገር፣ ቦርዷንም እንዳትነካ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ' አለኝ።"

ይትባረክ የአቶ ሀብተጊዮርጊስ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ደወልኩለት። ሳቀብኝ።

"የውሎ አበል ሊጠይቀኝ ነው የደወለው! ኢንስፔክተር፣ ማሽን ይዋሻል እንዴ? ልጁ ነው የሚዋሸው። በዚያ ላይ እኔ ዛሬ ሙሉ ቀን እዚሁ ግምገማ ላይ ነበርኩ፤ ጠዋትም ከሰዓትም ፈርሜያለሁ።"

አንድ ሰዓት ሳይሞላ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ማስረጃ ብለው የአስራ አራት ቀን የሙቀት መዝገብ በፋክስ ላኩልኝ። ማህተምም አስመትተውበታል። ለአዲስ አበባ የጻፉትን ደብዳቤ ግልባጭም አብረው ልከዋል። እውነትም ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ አራት፣ አራት፣ አራት። ስልጡን ማሽን በአንድ ወገን፣ ቁጡ ልጅ በሌላ ወገን። እኔም ከማሽኑ ጋር ቆምኩ። ሰላሳ ዓመት ሌባ አሳድጄ የተማርኩት ይህን ያህል ነበር።

*

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስገባ የራምዚ እናት ወይዘሮ ሰፍያ በር ላይ በፌስታል ምግብ ይዘው ቆመዋል።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አሉኝ። ምግቡን አቀበሉኝ።

ሲስተር ዛህራ ውስጥ እየጠበቀችኝ ነበር። የክትባቱ ኃላፊ እሷ ናት፤ አንደኛው ቁልፍ ያለውም እሷ ጋ ነው። ዓርብን ሙሉ ቆሼ ከተማ ሥልጠና ላይ ውላለች፤ ሰላሳ ሰው አይቷታል፣ ቁልፉም ከቦርሳዋ አልወጣም። ሌላው ቁልፍ ወልቂጤ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ የጠብታ ብልቃጥ አኖረች።

"ይቺን አራት ማዕዘን ታያታለህ? ጠብታው ደህና ሲሆን መሃሏ ነጭ ነው። ሙቀት ሲያገኛት ቀስ በቀስ ትጠቁራለች። አሁን እየው።"

ጠቁራለች።

"እና ፍሪጁ ትናንት ስለተቆረጠ..."

"ኢንስፔክተር! በአንድ ቀን እንዲህ አትጠቁርም። ይህ ቢያንስ የሳምንት ሥራ ነው። ብትፈልግ በቁርዓን እምላለሁ።"

"ይህን ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ነግረሻቸዋል?"

"ነግሬያቸዋለሁ። 'አንቺ ብልቃጥ ታያለሽ፣ እኛ ሲስተም እናያለን' አሉኝ።"

ወይ አለማፈር! ቁጣዬ የተነሳው ያኔ ነው፤ ግማሹ በእሳቸው፣ ግማሹ በራሴ ላይ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው ግን የማደሪያ ጊዜ የለውም፤ መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች፣ እሷ ከወሰደችው ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ፋክሱን አውጥቼ መነጽሬን አደረግኩና እንደ ሰው አየሁት። መስመሩ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም። አንዳንድ ቀን ከስድስት ሰዓት ከሩብ በኋላ ከአራት ወደ ዘጠኝ ይዘልና ይመለሳል። የፍሪጅ በር ሲከፈት እንደዚያ ነው። በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ፍሪጅ የሚከፍት ማነው?

"ሀቢቡን ጥሩልኝ!"

ሀቢቡ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምሳ ሰዓት እየጠበቅህ የክትባቱን ፍሪጅ ምን ትከፍታለህ? ውሃህን ታቀዘቅዛለህ?"

"ወላሂ አልከፈትኩም! ቁልፍስ የት አለኝ?"

"ታዲያ ምን ያስፈራሃል?"

ጎንበስ አለ። "የሰፈሩን ሞባይል ቻርጅ አደርጋለሁ። ግን በውጭው ሶኬት ነው! ፍሪጁን አልነካሁም፤ እዚያም ቢሆን መብራት ሁሌ የለ። ከአረፋ በኋላ ባለው ማክሰኞ ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ሁለት ቀን ሙሉ ጨለማ ውለን አድረን የለ? ያኔ ሰዉ ስልኩን ሞልተህ ካልመለስክ ብሎ ሊደበድበኝ ነበር።"

እውነቱን ነው፤ እኔም ያኔ ጣቢያ ውስጥ በሻማ ነው የጻፍኩት። ፋክሱን እንደገና አነሳሁ። ማክሰኞ ጥቅምት 12። ቡታጅራ ጨለማ። የቡታጅራ ፍሪጅ ግን አራት ዲግሪ! ምሳ ሰዓት ላይም በሩ ተከፍቷል።

"ሂድ፣ ሞባይልህን ቻርጅ አድርግ" አልኩት።

በሩ የተከፈተባቸውን ቀናት በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። ቀጣዩ ሳምንትም እንደዚሁ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። ቅዳሜና እሁድ ምንም የለም፤ ይሁን፣ ቢሮ ዝግ ነው። ረቡዕና ዓርብስ? እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ የጣቢያችን ጸሐፊ ተረፈ ከጎኔ ፓስታውን በዘይት ሲበላ ትዝ አለኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካ ነገር አይቀምስም።

ብቻዬን ሳቅኩ። የቡታጅራ የክትባት ፍሪጅ ይጾማል!

*

የጣቢያው መኪና ነዳጅ የላትም። በሚኒባስ፣ በአረቅጥ ዳገት በኩል፣ የተሰባበረችውን ቦርድ በፌስታል ይዤ ወልቂጤ ገባሁ። ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅዳሜም ቢሆን ግምገማው አላለቀም፤ አዳራሹ ውስጥ አንዱ አንዱን ይወቅሳል፣ ሌላው ይጽፋል። እኔ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣሁ። ጸሐፊያቸው ናዝራዊት ብቻዋን ተቀምጣለች።

"አቶ ሀብተጊዮርጊስ ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"እጠብቃለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ አይጠፋም?"

የውስጡን ቢሮ ከፍታ ከአንድ ነጭ ፍሪጅ ውሃ አወጣችልኝ። ተከትያት ገባሁ። ፍሪጁ ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ክትፎ አለ፤ አይብም አለ፤ አንድ ጣሳ የተነጠረ ቅቤም አለ።

"ኃላፊው ምሳቸውን እዚሁ ነው የሚበሉት?"

"ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር። ይጾማሉ እኮ" አለች፣ በኩራት።

"እንደሚጾሙ ሰምቻለሁ። ከፍሪጁ ጀርባ የነበረችውስ ትንሽ ሣጥን የት ሄደች?"

ወደ ፍሪጁ ጀርባ አየች። ድፍረቴ ገረማት መሰለኝ፤ ስለ ሣጥኗ ግን የነገረኝ ሰው የለም፣ መኖር ስላለባት ብቻ ነው የጠየቅኳት።

"ይትባረክ እንዳትነኪያት ብሎኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሽቦዋ በፍሪጁ በር በኩል ይገባ ነበር። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለላቸውና ኃላፊው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ነቀሏት። ጎንበስ ሲሉ አይቻቸው ስለማላውቅ ነው ያልረሳሁት።"

"ይትባረክ የት ነበር ትናንት?"

"በቢሮው መኪና ማለዳ ወጣ። ማታ ነው የተመለሰው።"

"ግምገማው ላይ ፈርሟል እኮ።"

"እዚህ ቤት ያልነበረ ሰው ይፈርማል፣ ጋሼ" አለች። አፏን ወዲያው በእጇ ያዘች።

"አይዞሽ፣ ልጄ። ሁለቱን ጥሪልኝ።"

*

አቶ ሀብተጊዮርጊስ በፈገግታ ገቡ። ይትባረክ ከኋላቸው ከረባቱን እያስተካከለ።

"ልጁ አመነ?" አሉ ኃላፊው።

"የጠረጴዛዎን መሳቢያ ይክፈቱልኝ።"

"ምን?"

"መሳቢያውን።"

አልከፈቱም። እኔ ከፈትኩት። ሣጥኗ እዚያው ናት፤ ያልተሰበረች፣ የቡታጅራዋ እኅት። እንዲህ ያለ ሰው ማስረጃ እንኳን በወጉ አይጥልም፤ በጽዳት ሠራተኛ ማስጣል የለመደ ነው።

"ይቺ መጠባበቂያ ቦርድ ናት" አለ ይትባረክ ፈጠን ብሎ።

"ጥሩ። ሰካት።"

"ለምን?"

"ሰካት አልኩህ!"

የመብራቱንና የኔትወርኩን ገመድ ሰካ። ሦስታችንም ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አየን። ቡታጅራ ቀይ ነው። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት። ኃላፊው ሳል ሳሉ። ከዚያ ቡታጅራ አረንጓዴ ሆነ። ሃያ ሦስት ዲግሪ ይላል፤ የዚያ ቢሮ አየር ነው።

የደቀቀችውን ቦርድ ከፌስታሉ አውጥቼ ከጎኗ አስቀመጥኳት። "የቡታጅራዋ ይቺውና፤ ሞታ በእጄ ናት። ታዲያ አሁን ከቡታጅራ የሚያናግረን ማነው?"

"ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር" አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ጊዜያዊ መፍትሔ! "ከክልል እንግዶች ይመጡ ነበር። አንድ ወረዳ ቀይ ሆኖ ሪፖርት ማቅረብ አይቻልም። መቶ ፐርሰንት መሆን ነበረበት።"

"ልጁ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፣ እጠግነዋለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ እኮ።"

"እሱን ማስገባት ማለት ተበላሽቷል ብሎ ማመን ነው!" አሉኝ፣ ነገሩ ለሕፃን እንኳን ግልጽ ነው በሚል ዓይነት።

ወደ ይትባረክ ዞርኩ። "አንተስ? ራምዚ ሲደውልልህ ጠብታው መበላሸቱን አወቅህ። ሰኞ ሲከፈት ጉዱ ሊወጣ ነው። ስለዚህ በጁምዓ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ መስጊድ እያለ፣ በሁለተኛው ቁልፍ ገባህ።"

"እኔ አልነበርኩም፣ ፈርሜ..."

"የፈረሙልህ እሳቸው ናቸው። ለአዲስ አበባ የጻፉትን ደብዳቤ ግልባጭ አይተኸዋል? 'ጥፋተኞቹ ቴክኒሻኑና ተቆጣጣሪው ናቸው' ይላል። ሲስተሙን የሚቆጣጠረው ማነው፣ ይትባረክ?"

ግልባጩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"ቁረጠው ያሉኝ እሳቸው ናቸው!" ብሎ ጮኸ። "ገመዱን ስቆርጥ ደወልኩላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ይቺን ነቀሉ፤ ሰዓቱ እንዲገጥም! ድራይቨሩን እኔ መጠገን አልችልም፣ አልችልም አልኳቸው፤ እንግዲያው በቡታጅራ ስም ሌላ ቦርድ ሰክተህ አስመስል አሉኝ!"

"ዝም በል አንተ ደንቆሮ!" አሉት ኃላፊው።

ይህ ነው እንግዲህ የዞኑ ምርጥ ጭንቅላት። አንዱ መጠገን አይችልም፣ ሌላው መበላሸቱን መስማት አይፈልግም። ሁለቱ ተደምረው በኮባ የተጠቀለለ ክትፎን የሕፃናት ክትባት አስመሰሉት። ስንት ሌባ ይዣለሁ፤ ሌባ እንኳን የሰረቀውን ነገር ዋጋ ያውቃል። ካቴናው አንድ ብቻ ስለነበረኝ እርስ በርስ አሰርኳቸው፤ በአዳራሹ በር አሳልፌም ወሰድኳቸው። የስብሰባው ሰው ሁሉ አቀረቀረና መጻፉን ቀጠለ።

*

እሁድ ጠዋት የራምዚን ክፍል ራሴ ከፈትኩ። አዲስ ጠብታ በበረዶ ሣጥን እየመጣ መሆኑን፣ ዘመቻው በሦስት ቀን ብቻ እንደሚዘገይ፣ ሁለቱ ሰዎች መታሰራቸውን ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የወልቂጤዋ ቦርድ የት ተሰክታ እንደነበር ስነግረው፣ "ክትፎ?" አለ። አልሳቀም።

"አፉ በለኝ" አልኩት። "በገበያ መሃል የነዳሁህን።"

"ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት ነግሬዎት ነበር" አለኝ።

ይዤው ወደ በሩ ወጣሁ።

ወይዘሮ ሰፍያ እዚያው ቆመዋል። ሲያዩት ፌስታሉን ጣሉትና ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ግንባሩን ሳሙት፣ ጉንጩን ሳሙት። ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ እኔ እንዳልሰማ ብለው፣

"ልጄ" አሉት፣ "አሁን ለእናትህ እውነቱን ንገራት። ምን አድርገህ ነበር?"

ራምዚ ሁለት ቀን ታስሮ ዓይኑ አልረጠበም። በካቴና ስነዳው፣ ሕዝቡ ሲያፏጭበት፣ አንዲት ዘለላ እንባ አላየሁበትም። አሁን ግን የእናቱን እጅ ከፊቱ ላይ አንስቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ምንም አላደረገም፣ እማማ!" አልኩ፣ ጣቢያው በሙሉ እስኪሰማ። "እሱ እውነቱን ነው የተናገረው። ያላመንነው እኛ ነን!"

እሳቸው እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። "ታዲያ ማሽኑ..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

ራምዚ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከመሬት ፌስታሉን አነሳላቸውና ቀድሟቸው በእግሩ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። እሳቸውም "ራምዚ፣ ጠብቀኝ" እያሉ ተከተሉት፤ እሱ ግን ዞሮ አላየም።